ዘጠኝ ቀን የቀራት

የቄስ ይሄነው ሚስት የሻረግ ስትቆጣ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ቋንቋዋን ነው የምትለውጠው። በዚያ ቤት ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰላም ሲሆን በአማርኛ፣ ጠብ ሲሆን በአገዎቹ ቋንቋ በአውኚ ሲወራ ኖሯል። ቄስ ይሄነው ከደጋ ዳሞት መጥተው አገው ምድር፣ ቆሰበር ላይ ጎጆ የቀለሱ ሰው ናቸው። ኦሪቱን ከነትርጓሜው በቃላቸው ይወጡታል፤ የሚስታቸውን ቋንቋ ግን ከሰላምታ አላሳለፉትም። የሻረግም ይህንን ታውቃለችና ቆሽቷ ሲያር የልቧን በአውኚ ታወርድባቸዋለች። እሳቸው «ምን አለች?» ብለው ልጃቸውን ብሥራትን ይጠይቃሉ፤ ብሥራትም ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ደክሟት ነው» ብሎ መተርጎም ለምዷል።

በ2007 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ግን በሁለቱም ቋንቋ ተቆጣች። ያስቆጣትም አስተርጓሚው ራሱ ነበር።

ወሬውን ያመጣችው ጎረቤቷ እህተማርያም ናት። አዲስ አበባ ወንድሟ ዘንድ ከርማ መምጣቷ ነው። «ብሥራትን አየሁት» አለች። «ነጭ ሸሚዝ በከረባት አድርጎ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ምልክት ከለጠፉ ሁለት ፈረንጅ ጎረምሶች ጋር ይሄዳል። ሞርሞን ሆኗል አሉ።»

ሞርሞን ምን እንደሆነ ቆሰበር ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ይህ ግን ሰውን ከማውራት አላገደውም። አንዱ የአይሁድ ወገን ናቸው አለ። ሌላው ሰባት ሰባት ሚስት ያገባሉ አለ። ወሬው ዳንግላ ደርሶ ሲመለስ ሚስቶቹ አሥራ ሁለት ሆነው ነበር።

«ጠላም፣ አረቄም፣ ቡናም አይቀምሱም» አለች እህተማርያም ጨምራ።

«ሚስቶቹንስ በቻልሁት» አለች የሻረግ። «የቄስ ልጅ የእናቱን ጠላ አልጠጣም ብሎ በየት አገር ሊኖር ነው?»

የሰሙት ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። የሰው አፍ ምን እንደሆነ የቄስ ሚስት ታውቃለች። ባሏ መቅደስ የሚገቡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ከሃይማኖት ወጣ ከተባለ ነገ በማን ፊት መስቀል ይዘው ይቆማሉ?

ብሥራት ሐሙስ ቀን በጥሊሊ በኩል በሚኒባስ ገባ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ። የሻረግን ይበልጥ ያበገናትም ይኸው ጨዋነቱ ነበር፤ ባለጌ ቢሆንማ መቆጣቱ እንዴት በቀለላት! ጠላ ቀዳችለት። «ውኃ ይበቃኛል እማ» አላት። ጠላውን ከእግሩ ሥር አፈሰሰችውና ውኃ ሰጠችው።

ቄስ ይሄነው ልጃቸውን ከቀርቀሃው አጥር ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። የሻረግ ምስር እየለቀመች ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ምን ጎድሎህ ሄድህ?» አሉት።

«ምንም አልጎደለኝም አባቴ። እንዲያውም ከእርስዎ የሰማሁትን ነው እዚያ ያገኘሁት።» ብሥራት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ነበር የሚናገረው። «ሙሴ አሮንን በውኃ እንዳጠበው፣ በዘይት እንደቀባው፣ የክህነት ልብስ እንዳለበሰው ሲያስተምሩን አልነበር? እነሱ ዘንድ ዛሬም ሰው ቤተ መቅደስ ሲገባ ይታጠባል፣ ይቀባል፣ ነጭ ይለብሳል። የአሮን ክህነት አላቸው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የመልከ ጼዴቅ አላቸው። ቤተ መቅደሳቸው ያልተዘጋጀ ሰው አይገባበትም። አሥራት ያወጣሉ። ጠፍቶ የነበረው ሁሉ ተመልሷል ነው የሚሉት።»

እውነት ለመናገር ቄስ ይሄነው መጀመሪያ ላይ በጥሞና ሰሙ። የኦሪት ነገር ከተነሣ ሞትን እንኳ ቆይ የሚሉ ሰው ናቸው። «ጠፍቶ የነበረው» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ይህ ደግ ምልክት አልነበረም።

«ከማን ነው የጠፋው?» አሉ። «እዚህ ማዶ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብላ በሦስት የተከፈለችው ለጌጥ ነው? ታቦቱስ? በስምንት ቀንህ የተገረዝኸው፣ ሰኮናው ያልተሰነጠቀውን የማያመሰኳውን አልበላም ብለህ ያደግኸው፣ ቅዳሜን ያከበርኸው በማን ሕግ ነው? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት አንተ ነህ! ኦሪት ከቤትህ ጓዳ ተቀምጣ፣ አንተ ጢሙ ካላበቀለ የአሜሪካ ጎረምሳ እጅ ትለምናታለህ?»

«ነገዴንም ነግረውኛል» አለ ብሥራት ቀስ ብሎ። «ከኤፍሬም ነህ ተብያለሁ።»

«ከማን?»

«ከኤፍሬም፤ ከዮሴፍ ልጅ።»

«አባትህ የዳሞት ሰው፣ እናትህ አገው! ኤፍሬም በየት በኩል አድርጎ መጣ? በጥሊሊ?»

የሻረግ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ወዲያው ግን ባሏ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቁ፤ ሳቋም እዚያው ቀረ።

«ዳግመኛ አጥምቀውሃል?»

«አዎ።»

ቄስ ይሄነው ተነሡ። «በእነዚህ እጆቼ በአርባ ቀንህ አጥምቄሃለሁ። ጥምቀት አንዲት ናት። ያንን የደገመ እጄን ረግጦ አልፏል።» እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎች እንደሚጠሩ፣ ብሥራት በሽማግሎቹ ፊት አጥፍቻለሁ ብሎ ካልተመለሰ ከዚያ ደጃፍ ዳግመኛ እንዳይደርስ ነግረውት ወጡ።

የሻረግ ያን ዕለት ከባሏ ጋር ነበረች፤ ይህ ይታወቅላት። በአውኚ ለልጇ ያላለችው ነገር አልነበረም። አባትህን ከመቅደስ ልታስወጣቸው ነው አለችው። እኔን ከሴት መሃል ልታስወጣኝ ነው አለችው። ማንም በአንተ ሬሳ ላይ አፈር አይጥልም አለችው። እሱም ሰማትና ስታበቃ የተለቀመውን ምስር አንሥቶ ወደ ቤት አስገባላት። ይህም ጨዋነቱ አነደዳት።

በማግሥቱ ዓርብ ጓሮ ወጥታ ድንች ስትኮተኩት ብሥራት የታጠፈ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚለያዩ መስመሮች ተሰምረዋል፤ መስመሮቹ ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ አለ። ከአንደኛው ጫፍ የራሱ ስም፣ ቀጥሎ የአባቱና የእናቱ ስም ተጽፏል።

«እማ» አላት በአውኚ፤ «የእናትሽን እናት ስም ንገሪኝ።»

«ምን ያደርግልሃል?»

ከሁለት ወር በኋላ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ወዳለው ቤተ መቅደሳቸው ሊሄድ እንደሆነ ነገራት። እዚያ ሰው ስለ ሞቱ ዘመዶቹ ይጠመቃል። «በነሱ ፈንታ እኔ ቆሜ፣ ስማቸው ተጠርቶ፣ ውኃ ውስጥ እገባለሁ። አንቺ ካልፈቀድሽ ግን አላደርገውም። የቅርብ ዘመድ ይጠየቅ ይላል ሥርዓቱ።»

የሻረግ ብው አለች። «አያቴን? በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ፣ ቆርባ፣ ተፈትታ የተቀበረችውን ሴትዮ እንደ ልብስ ደግመህ ልትዘፈዝፋት? ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው?»

«እነሱ የሁሉንም ያደርጋሉ። እኔ ግን አስቀድሜ ያሰብሁት ጭራሽ ሳይጠመቁ የሞቱትን ነው። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ስለ ሙታን የሚጠመቁ እንደነበሩ አንሥቷል። ሳይጠመቅ የሞተ ሰው በሩ አልተዘጋበትም እማ። በሕይወት ያለ ዘመድ ሊከፍትለት ይችላል።»

የሻረግ ዶማውን እንዳነሣች ቀረች።

«ሳይጠመቅ የሞተ?»

«አዎ።»

«ስም ብቻ ይበቃል?»

«ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የሞተበት ቀን።»

ዶማውን አስቀመጠችና ከመደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ብሥራት ከእሱ በፊት አንዲት እህት ተወልዳ እንደሞተች ያውቃል። ከዚያ ያለፈ ግን አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም።

የሆነው እንዲህ ነው። የሻረግ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። ሴት ናት። ምህረቴ አለቻት። ጥር 17 ቀን ሕፃኗን ትኩሳት ያዛት፤ ጡት እንቢ አለች። የሻረግ ባሏን «ያጥምቁልኝ» ብላ ለመነች። ቄስ ይሄነው «ሰማንያዋ አልሞላም» አሉ። «ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ነው። አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት ገቡ። የቄስ ልጅ ናት ተብሎ ሕግ አይሰበርም።» አምስት ቀን ለመነቻቸው። ጥር 22 ቀን ሕፃኗ ስታጣጥር እግራቸው ላይ ወድቃ፣ «ምህረቴ ብለው ይጥሯትና ጠብታ ውኃ ብቻ ያፍስሱባት» አለች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ልጅቱ በሰባ አንደኛ ቀኗ ሞተች። ዘጠኝ ቀን ቀርቷት ነበር።

ያልተጠመቀች ናትና ፍትሐት አልተደረገላትም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከግንቡ ማዶ ቀበሯት። ድንኳን አልተተከለም፤ ለቅሶ ደራሽም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ለሙታን በተጸለየ ቁጥር የሰው ሁሉ ሙት በክርስትና ስሙ እየተጠራ ይታሰባል። ምህረቴ የክርስትና ስም የላትምና አትጠራም። የሻረግ ይህንን የቄስ ሚስት ሆና፣ ባሏ ሲጠሩ እየሰማች፣ ሠላሳ ዓመት ቆመች። በሕጉ እንዳትቆጣ የእግዜር ነው። በባሏ እንዳትቆጣ ሕጉን ነው የጠበቁት። ስለዚህ ቁጣዋን በጨው ማነስ፣ በአጥር መላላት፣ በጎረቤት ዶሮ ስትጨርሰው ኖረች። ሰውም ነገረኛ ናት አላት።

«ጻፍ» አለችው ብሥራትን። «ምህረቴ ይሄነው።»

ስሟን በሰው ፊት ስትጠራ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ብሥራት ጻፈ። የተወለደችበትን ነገረችው፤ ጻፈ። የሞተችበትን ነገረችው። ሊጽፍ ጀመረና ብዕሩን አቆመ፤ በከንፈሩ ቆጠረ፤ ከዚያ ፊቱ በራ።

«እማ! እሷ እኮ አያስፈልጋትም!»

«ምኑ?»

«ጥምቀቱ። ስምንት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱ ልጆች ኃጢአት የለባቸውም። እንኳን ሞተው፣ በሕይወት እያሉም ከስምንት ዓመት በፊት አይጠመቁም። ስሟን ብወስድም አይቀበሉኝም። ድናለች እማ፤ ያለ ምንም ነገር ድናለች። የምሥራች ነው የምነግርሽ!»

ምስኪን ብሥራት፣ እውነትም የምሥራች መስሎት ነበር። የሻረግ በጥፊ አጮለችው።

«አያስፈልጋትም?» አለች። «ሠላሳ ዓመት የነደድሁት ለማያስፈልግ ነገር ነው? ለአያቴ፣ በአካል አይተሃት ለማታውቃት ውኃ አለህ፤ ለእህትህ የለህም! በል ንገረኝ! ያን ዕለት ሰማንያዋ አልሞላም ሲሉኝ አባትህ እግር ላይ የወደቅሁት ለቀልድ ነው?»

ብሥራት ጉንጩን ይዞ ቆመ። አልተቆጣም፤ አላለቀሰም። ወደ ቤት ገባና አባቱ ሰጥተውት የነበረውን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ተመለሰ። ኦሪት ዘሌዋውያንን ገለጠና ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

«አንቺው አንብቢው» አላት። «ሰማንያው ከዚህ ነው የመጣው።»

የሻረግ ፊደል የቆጠረችው በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች። ወንድ የወለደች ሴት ሰባት ቀን፣ ከዚያ ሠላሳ ሦስት ቀን። ሴት የወለደች ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ስድሳ ስድስት ቀን። ደመረችው።

«ያው ሰማንያ ነው» አለች በቁጣ። «አባትህ ልክ ናቸው።»

«ሰማንያስ ሰማንያ ነው። የማን ነው ሰማንያው?»

እንደገና አነበበች። ወደ መቅደስ የማትገባው፣ የተቀደሰውን የማትነካው፣ ቀኗን የምትቆጥረው እናቲቱ ናት። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዝ ይላል። ስለ ሴት ሕፃን ግን ይህ ይከልክላት የሚል አንድ ቃል የለም። ሦስተኛ አነበበችው፤ አሁንም የለም።

«አይሁዶቹ ያንን ቀን የቆጠሩት ለእናቲቱ ነው» አለ ብሥራት። «ሰማንያው ያንቺ ነበር እማ። የእሷ አልነበረም።»

የሻረግ መጽሐፉን ከደነችው። «አንተ ሃይማኖትህን የለወጥህ ሰው ነህ» አለችው። «ያንተን ቃል ይዤ በባሌ ላይ አልነሣም። ከሚያውቅ እጠይቃለሁ።» ዶማዋን አንሥታ የቀረውን መደብ እስከ ዳር ኮተኮተችው። ያን ቀን ስንት ደህና የድንች ተክል አብሮ እንደተቆረጠ እሷና እግዜር ብቻ ያውቃሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ መጡ። አንደኛው የዕድሩ ዳኛ አቶ አወቀ ናቸው። ሁለተኛው ከጥሊሊ የተጠሩ አባ ሽባባው የሚባሉ ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው ከቄስ ይሄነው ጋር በአንድ ደብር አገልግለዋል። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጨዋታቸው ግን አልደከመም። ብሥራት በሩ አጠገብ ቆመ።

ቄስ ይሄነው ክሱን አሰሙ። ጥምቀት አንዲት መሆኗን፣ ልጁ መድገሙን፣ አሁን ደግሞ የሞቱትን ሊያስደግም ስም እየለቀመ መሆኑን ተናገሩ። አቶ አወቀ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁ እንዲመልስ ሊጠይቁት ሲሉ የሻረግ ከጓዳ ወጣችና መሃል ላይ ቆመች።

«ከሱ በፊት እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች።

ቄስ ይሄነው ቅር አላቸው፤ «ኋላ ይደርሳል» አሉ።

«ትጠይቅ እንጂ» አሉ አባ ሽባባው። «ምንድን ነው ልጄ?»

«ሴት ሕፃን ሰማንያ ሳይሞላት በጠና ብትታመም፣ ትጠመቃለች ወይስ አትጠመቅም?»

አባ ሽባባው ሳቁ። «ይህማ ምን ጥያቄ አለው? ሰማንያው ለደህና ልጅ ነው። ሞት ካሠጋማ በተወለደች በማግሥቱም ትጠመቃለች። እናቷ መግባት ባትችል ክርስትና እናቷ ይዛት ትገባለች። ሕጉ ይፈቅዳል ብቻ ሳይሆን፣ ዝም ብሎ ያየ ካህን ይጠየቅበታል።» ከዚያ ወደ ቄስ ይሄነው ዞር አሉ፤ እንደ ድሮ ቀልድ አድርገው። «ይህንን ከኔ ይልቅ ይሄነው ያውቀዋል። ከስሶኝ የለ!»

«ምን ብለው ከሰሱዎት?» አለች የሻረግ።

ቄስ ይሄነው «አባ፣ ይህ ከጉዳያችን ምን አገናኘው?» አሉ። አባ ሽባባው ግን ጨዋታ ከጀመሩ የሚያቆማቸው የለም።

«ሰባ ሰባት ላይ የአሥራ ሁለት ቀን ወንድ ልጅ ነፍሱ ልትወጣ ስትል አጠመቅሁ። ይሄነው ያኔ ወጣት ነው፤ እሳት የላሰ። በካህናቱ ጉባኤ ፊት ቆሞ ‹ሽባባው ሥርዓት አፈረሰ፤ ቀን ይሰበራል ወይ?› ብሎ አስጨበጨበብኝ። ከአገልግሎት ታገድሁና ጥሊሊ ዘመድ ቤት ገባሁ። ኋላ ነገሩን ሊቃውንቱ አዩትና ልክ አድርጓል፤ ሌላውም እንዲሁ ያድርግ ብለው ደብዳቤ ጻፉ። እኔም ቅር ብሎኝ ስለነበር እዚያው ጥሊሊ ቀረሁ። አሁንማ ተቃቅፈናል፤ ዕዳው ገብስ ነው።»

«ደብዳቤው መቼ ደረሰ አባ?»

«እንዴት ይረሳኛል! የከተራ ዕለት። ይሄነው የደብሩ ጸሐፊ ነበርና ተቀብሎ፣ አስጠርቶኝ ራሱ ነው ያነበበልኝ።»

ከተራ ጥር 10 ነው። የሻረግ ለመቁጠር ጣት አላስፈለጋትም፤ እነዚያን ቀኖች ሠላሳ ዓመት ስትቆጥራቸው ኖራለች። ደብዳቤው ሲነበብ ምህረቴ ደህና ነበረች። ትኩሳቱ የያዛት ከሳምንት በኋላ ነው። የሞተችው ደብዳቤው በተነበበ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። እሷ አምስት ቀን ስትለምን፣ እግር ላይ ስትወድቅ፣ እኚህ ሰው ወረቀቱን አንብበው ጨርሰዋል።

ወደ ባሏ ዞረች። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከእርስዎ ዝቅ ብላ አታውቅም።

«አንተ» አለችው።

እንግዲህ እኛም አንቱታውን እዚህ ላይ እናቁም።

«አንተ፣ አንብበኸው ነበር። ‹ሕግ አይሰበርም› ያልኸኝ ሕጉን አውቀህ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!»

በአማርኛ ነበር የተናገረችው። ማንም እንዲተረጎምለት አልፈለገችም።

ቄስ ይሄነው መልስ ፍለጋ ወደ አቶ አወቀ አየ፤ አቶ አወቀ ወለሉን ያያሉ። «በጉባኤ ፊት ተናግሬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። ሽባባውን ያሳገድሁ ሰው፣ ወር ሳይሞላኝ ተመልሼ የገዛ ልጄን ባጠምቅ... ምን ይሉኛል? ትተርፋለች ብዬ ነበር። ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር የቀራት።»

አባ ሽባባው አሁን ገባቸው። የእነዚህ ባልና ሚስት ልጅ መሞቷን ጥሊሊ ሆነው አልሰሙም ነበር፤ ላልተጠመቀች ሕፃን መርዶ ነጋሪ አይላክም። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ምን ይሉኛል!» አለች የሻረግ። «ልጄን ለሕግ የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። ለሕግ ቢሆን እሺ። ለይሉኝታ ነው የሰጠሃት! ዛሬ ደግሞ ሁለቴ ተጠመቀ ብለህ ይህንን ልታባርር ሽማግሌ ትሰበስባለህ። አንድ ጊዜም ላልተጠመቀችው ማን ሽማግሌ ይቀመጥላት?»

«እማ...» አለ ብሥራት።

«አንተም ዝም በል!» ዞረችበት። «አባትህ አይቻልም አለኝ፤ አንተ አያስፈልጋትም አልኸኝ። አንዱ በሩን ዘጋባት፤ ሌላው በሩ ድሮም ክፍት ነበር ብሎ ሊያጽናናኝ መጣ። የሁለታችሁም መጽሐፍ ሙሉ ነው። እሷን የሚፈልጋት ግን አንድ ሰው ጠፋ!»

ብሥራት አቀረቀረ። የሻረግ እንደገና ወደ ባሏ ተመለሰች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ስሟን ጥራ» አለችው።

ይህ ሰው በየቅዳሴው የአንድ አጥቢያ ሙታንን የክርስትና ስም ሳይጽፍ ሳያይ የሚጠራ ሰው ነው። ከሞቱ አርባ ዓመት የሆናቸውን ሁሉ ያውቃቸዋል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ግንባሩን በእጁ ጠረገ። «ሕፃኗ...» አለ፤ ከዚያ የሚቀጥል ነገር አላገኘም።

«እግርህ ላይ ወድቄ ነግሬህ ነበር» አለች የሻረግ።

አቶ አወቀ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሊወጡ ብለው መልሰው አስቀመጡት። አባ ሽባባው በትራቸውን ተደግፈው በግድ ተነሡና ወደ የሻረግ ሁለት እርምጃ ቀረቡ።

«ልጄ» አሉ፤ «በማኅበር ጸሎት ልጠራት አልችል ይሆናል፤ ሥርዓቱ ያስረኛል። ሌሊት ለብቻዬ ስቆም ግን ማን ይከለክለኛል? ማን ልበላት?»

ቄስ ይሄነው ቀና አለ። አንገቱን ወደ ፊት ሰገግ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቅ ነበር። የሻረግ አየችው። ስሟን ከሌላ ሰው መልስ ላይ ለቅሞ ሊይዘው እንደሆነ ገባት። ብሥራትም ከንፈሩን ሊከፍት ሲል እጇን አነሣችበት።

ከዚያ ወደ አባ ሽባባው ጎንበስ አለች፤ በእጇ አፏንና ጆሮአቸውን ጋረደችና ለእሳቸው ብቻ ነገረቻቸው።